ክሬሙና አረንጓዴው

ነበሩ ሁለት ቀለሞች በግድግዳው ላይ... መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ። በቀኝ ክሬም፣ በግራ ፈዛዛ አረንጓዴ። በመካከላቸው አንዲት ጥላ።

ጥላ የምትመስለው የባለቤቴ የአጥናፉ ራስ ያረፈበት ቦታ ናት። ከሥሯ ባለው ወንበር ተቀምጦ ሲያነብ ራሱን ወደ ኋላ ጣል ያደርግ ነበር፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግድግዳው ወዛ... ጠቆረ።

እሱ ሄደ። ጥላው ቀረች።

ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ብርሃኑ መጀመሪያ እዚያ ያርፋል። እኔም ከብርሃኑ ኋላ።

ልጄ እሌኒ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። የምትታረሰው እኔ ዘንድ፣ በዚህ ክፍል። ይቀባ ያልኩት ራሴ ነኝ። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ያቺን ቦታ ይሸፍናታል።

«አረንጓዴው ይሻላል፣ እማዬ» አለች ወገቧን ይዛ። «ክሬም እድፍ ያሳያል።»

እድፍ ያሳያል...

ጠዋት አየኋቸው፤ አረንጓዴው ረጋ ያለ፣ ክሬሙ ፈገግ ያለ። ከሰዓት አየኋቸው፤ አረንጓዴው ከበድ፣ ክሬሙ ሞቅ ያለ። አመሻሽ ላይም አየኋቸው፤ ያየሁት ግን መካከላቸውን ነበር።

«ኧረ እማዬ! ቀለም እኮ ነው የምትመርጪው፣ ባል አይደለም!»

አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ባልማ መርጬ ነበር» አልኳት።

ሳቅን። ከዚያ... ሁለታችንም ወደ አንድ ቦታ አየን።

«ክሬሙ ይሁን።»

«ያድፋል ስልሽ!»

«ይደፍ።»

ቀለም ቀቢው ከመግባቱ በፊት ግንባሬን እዚያ አስደገፍኩ። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር። ብሩሹ አለፈ፤ ተመልሶ አለፈ። ሄደች ጥላው።

ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ብርሃኑ የሚያርፍበት አጣ። እኔም ከብርሃኑ ኋላ።

እሌኒ ሴት ልጅ ወለደች። ለአራስ እንደሚደረገው አናቷን ለጋ ቅቤ ቀባሁላት፣ ሻሽ አሰርኩላት። በአባቷ ወንበር ተቀምጣ ታጠባለች፤ ሕፃኗ ስትጠግብ እናቲቱ ታንቀላፋለች... ሻሿ ይንሸራተታል፤ ራሷንም ወደ ኋላ ጣል ታደርጋለች።

ዛሬ ስትነቃ ዞር ብላ አየች።

«ውይ፣ ግድግዳሽን ጉድ አደረግሁት! ጨርቅ አምጪልኝ፣ እማዬ።»

«ተይው።»

«አላልኩሽም ነበር?»

«ብለሽኛል። ተይው፣ የኔ ልጅ።»

አንዲት ጥላ አለች በክሬሙ ግድግዳ ላይ... ከአባቷ ቦታ ትንሽ ዝቅ ያለች፣ ቅቤ ቅቤ የምትሸት። ነገ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ብርሃኑ መጀመሪያ እዚያ ያርፋል።

እኔም ከብርሃኑ ኋላ... ሕፃኗን ታቅፌ።