የጫጫዋ የፀሐይ ምድጃ

ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ውጤት ያናድደኛል። በ1978 ዓ.ም. ጥር ላይ ያናደደኝ አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ በጥቁር ቆርቆሮ የተለበጠ፣ ክዳኑ መስተዋት፤ ድስት ከትተው ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጡት ያለ እሳት ያበስላል። የነደፈችው አዲስ አበባ የምታስተምረው ሕንዳዊቷ ዶክተር ሱጃታ ነች፤ የሠራው ከምሥራቅ ጀርመን የመጣው ዶክተር ክላውስ ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን በአስተርጓሚነት ተጨመርኩ። ባልደረቦቼ ሦስት አገር ለአንድ ድስት ንፍሮ ተሰለፈ እያሉ ይስቁብኛል።

ሣጥኑን የሰጠነው ጫጫ ለሚኖሩት ለእትዬ ደመቀች ነበር። አስም አለባቸው። የኩበት ጭስ ደረታቸውን ሲዘጋው ከማጀት ወጥተው፣ በሩን ተደግፈው ትንፋሽ ሲያጥራቸው አይቻለሁ። ጭስ የሌለው ምድጃ ሲመጣላቸው ዕድሜዬን ቀጠላችሁልኝ ብለው መርቀውን ነበር።

ታዲያ ልንለካ በሄድን ቁጥር ድስቱ ቀዝቃዛ ነው። ትምህርት ቤታችን ግቢ ያለው ሣጥን በዚያው ፀሐይ ድንች ይቀቅላል፤ የእሳቸው ባቄላ ለብ እንኳ አይልም። ክላውስ መስተዋቱን ቀየረ፣ ሣጥኑን አዞረ፤ ምንም ለውጥ የለም። እሳቸውን ብንጠይቅ “ደኅና ነው፣ ተመስገን” ብቻ ነው መልሳቸው። በመጨረሻ ክላውስ የደጋው ነፋስ አሸንፎናል፣ ሣጥኑ ቆላ ወርዶ አረርቲ ይሞከር አለ። እኔ አልተዋጠልኝም። ነፋሱ አንድ፣ ፀሐይዋ አንድ፤ ባቄላውን ምን አገኘው?

ሣጥኑን ልናነሳ የሄድን ዕለት ሱጃታም አብራን ነበረች። ከተማው መግቢያ ላይ የላንድሮቨሩ ጎማ ፈነዳና በእርሻ አቋርጠን በጓሮ በኩል በእግራችን ደረስን። እትዬ ደመቀች ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ሣጥኑን ከፍተው ድስቱን ያማስላሉ። እንፋሎቱ ይትጎለጎላል።

ዘወር ሲሉ አዩን። ደንግጠው ነጠላቸውን ገፈፉና ድስቱ ላይ ጣሉት። አጠገባቸው ቀዝቃዛ ውሃና ጥሬ ባቄላ የያዘ ሌላ ድስት ተቀምጧል። ያኔ ገባኝ። የመኪናችንን ድምፅ በሰሙ ቁጥር የሚበስለውን ጓዳ ያስገቡና ጥሬውን ይተካሉ። ወር ሙሉ በጥንቃቄ የለካነው እሱን ነው።

ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

“መምህር፣ ሰው ሁሉ በመስተዋት እያየው የበሰለ እህል እንዴት ይበላል? ዓይን ያረፈበት ሆድ ይቆርጣል። አትዩብኝ እንዳልላችሁ ደግሞ ቡዳ ናችሁ ማለት ይሆንብኛል።”

ለክላውስ እያፈርኩ መተርጎም ጀመርኩ። ሱጃታ ግን ገና ሳልጨርስ፣ እናቷም ወተት ስታፈላ በር እንደምትዘጋ ነገረችን። ይህን ስተረጉምላቸው እትዬ ደመቀች ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ እንደ ዘመድ። ሱጃታም በእናንተ አገር መድኃኒቱ ምንድን ነው ብላ አስጠየቀቻቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ “ያየ ይቅመስ” አሉ።

ክላውስ ጨጓራ አለበት፤ አገራችን ከገባ ከዳቦ በቀር ደፍሮ የበላው የለም። የሣጥኑን ማሰሪያ ገመድ በክንዱ እንዳንጠለጠለ አንድ እፍኝ ትኩስ ባቄላ በሁለት እጁ ተቀበለ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ በላው። እስኪውጥ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉበትም። ሱጃታና እኔም ቀመስን። ሁላችንም ከዋጥን በኋላ ነጠላውን ከድስቱ ላይ አነሱ።

“አሁን ለካ በለው” አሉኝ።

ክላውስ ገመዱን መሬት ላይ ጥሎ ቴርሞሜትሩን አወጣ።

ስንመለስ እትዬ ደመቀች ሊሸኙን ተነሡ። ዳገቱን ወጥተን አስፋልቱ እስክንደርስ እያወሩን ሄዱ፤ አንድ ጊዜም ለትንፋሽ አልቆሙም። ወር ሙሉ ድስት ላይ ሳፈጥ ይህን አላየሁም ነበር፤ ደስ አለኝ፣ በራሴም ሳቅሁ።

“ነገ ስትመጡ መኪናዋን አስጩኋት” አሉኝ። “ለእናንተም እጨምርበታለሁ።”