ከመርዶ ነጋሪዎቹ በፊት

ሠናይት ሦስት ሳምንት ያልሞላት አራስ ናት። እናቷ አሰለፈች ከጉና ሥር ወርዳ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሳትላት መቅረቷ ሆድ አስብሷታል። አሰለፈች እንኳን የልጇን፣ የጎረቤት አራስ ጥየቃ የማያመልጣት ሴት ናት። "ወንዙ ሞልቷል፤ ኔትወርክም የለም" ይላታል ባሏ ሙሉቀን በጠየቀችው ቁጥር።

ሁለቱም ደብረ ታቦር ያስተምራሉ፤ እሱ ሥነ ሕይወት፣ እሷ ሕግ። ባለፈው ሳምንት "ለሥልጠና ባሕር ዳር ደርሼ ልምጣ" ብሎ ሲወጣ የሷንም ስልክ ይዞ ሄደ። "አራስ ስልክ ምን ያደርግላታል? ትንሽ ዕረፊ" አላት።

ስልኩ ከተመለሰ ወዲህ ግን ጠባዩ ተለወጠ። ሕፃኑን አጥብታ ስለ ጨቅላ እንቅልፍ ልታነብ ብትከፍተው፣ "ሐዘንዎን እንጋራለን፤ የመቃብር ሐውልት በእምነ በረድ እንሠራለን" የሚል ማስታወቂያ ወጣባት። በስመ አብ ብላ አማተበች። በማግስቱ ደግሞ "ለአርባ ተዝካር ድንኳንና ወንበር እናከራያለን" መጣ። ከዚያ በኋላ ልጇን ልታጠባ በተቀመጠች ቁጥር አንድ ሰው ከኋላዋ የቆመ ይመስላት ጀመር። ፈራች።

"የሰው መዋያና ማደሪያ የራሱ ነው፤ ካለ ፈቃዱ የማስታወቂያ መነገጃ አይሆንም" እያለች ተማሪ የምታስጨንቅ መምህርት፣ የራሷን ስልክ አንድ ቀን አገላብጣ አይታው አታውቅም። አሁን ማስታወቂያው ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ነካቻት። "ይህ የሚታይዎት በቅርቡ በሄዱባቸው ቦታዎች መነሻነት ነው" አላት። ስልኩ የዋለበትን ካርታ ከፈተች። ባሕር ዳር የሚባል ነገር የለበትም። ስልኩ የዋለው ጉና ሥር፣ እናቷ ከምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ነው።

ለካ ሙሉቀን ስልኳን የወሰደባት አንዱ ዘመድ ሳያስበው ደውሎ "ነፍስ ይማር" እንዳይላት ነው። በኪሱ ይዞት ቀብር ዋለ።

አመሻሽ ላይ ሙሉቀን የነገውን ትምህርት ጮክ ብሎ ይለማመድ ነበር፤ ስለ ኤምአርኤንኤ ክትባት አሠራር። "የቫይረሱን አንድ ክፍል እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚናገር መልእክት እንጽፋለን። ሰውነት እንዳይቆጣ ከፊደሎቹ አንዱን እንለውጣለን። መንገድ ላይ እንዳይበጣጠስም በስብ እንጠቀልለዋለን..."

"እማ ደህና ናት?" አለችው ድንገት።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ደህና ናት። ወንዙ ነው እንጂ።"

አራስ መርዶ ከሰማች ጡቷ ይደርቃል ይባላል። ስለዚህ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ አይነገራትም፤ የአገሩ ደንብ ነው። እሱም መልእክቱን ጠቅልሎ ቀን እየጠበቀላት ነው። ፊቱ ከስቷል፤ አልጨከነችበትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና እንዳላወቀች ሆነች። አፍን በነጠላ ጠቅጥቆ የገዛ እናትን ማልቀስ ምን ዓይነት እርግማን ነው! እንባዋ ሕፃኑ ግንባር ላይ ሲንጠባጠብ እየጠረገች አጠባችው። ከኋላዋ የሚቆመውም አልሄደም። አሁን ግን ማን እንደሆነ ስላወቀች፣ "እማ፣ ትንሽ ቀን ታገሺኝ" ትላለች በሹክሹክታ።

ልጁ ክርስትና በተነሣ ማግስት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ የንስሐ አባቷ ቄስ አዳነ ጎረቤቶቹን አስከትለው መጡ። ሁሉም ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። ሠናይት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

ሙሉቀን ከጓዳ ብቅ ብሎ አያት።

"ልጄ፣ ማነው ጨክኖ የነገረሽ?" አሉ ቄሱ።

"ማንም አልነገረኝም፣ አባ" አለች። "የነገረኝ ሰው ቢሆንማ አብሮኝ ባለቀሰ ነበር።"

ያን ሁሉ ቀን አፍና የያዘችውን እሪታ ያኔ ለቀቀችው፤ ደጅ የቆሙት ሴቶችም ተቀበሏት።