አጥፊው

ቁልፍ ቀራጩ በሰው መብራት መግባት ይወዳል። አደባባዩ ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ተቀምጦ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራቱን አብርቶ የሚያልፍ ሞተረኛ ካየ ዝም ብሎ ማሳለፍ አይሆንለትም። ሞረዱን ያስቀምጥና እጁን በመስኮቱ አውጥቶ አምስት ጣቱን ከፈት ከደን፣ ከፈት ከደን ያደርጋል። መብራትህ በርቷል፣ አጥፋው ማለቱ ነው። ምን ጥልቅ አደረገህ ያለው የለም። እንዲያውም ሞተረኞቹ እጃቸውን አንስተው ያመሰግኑታል፣ «ጋሽ አጥፋው» የሚል ስምም አውጥተውለታል። እሱም በስሙ ይኮራል።

ሞተረኞች በቀንም መብራት እንዲያበሩ የሚያዝ ሕግ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው። ይህን የነገረችው ልጁ ናት፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ የደም ናሙና በሞተር ታመላልሳለች። «አባዬ፣ መብራቱ እኛ እንድናይበት አይደለም፣ እንድንታይበት ነው» ብላ አስረድታዋለች። እሱ ግን ሳቀባት። ፀሐይ ሞልቶ መብራት! ይሄን ሕግ ያወጡት ባትሪ ሻጮች መሆን አለባቸው አለ።

ዛሬ ጠዋትም በር ላይ ሞተሯን ስታስነሳ መብራቱ ቦግ ሲል ተቆጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ባትሪሽን ልትጨርሺው ነው? አጥፊው!»

አንጸባራቂ ሰደርያዋን እየቆለፈች አየችው። ልትከራከር አፏን ከፍታ ተወችው። ማጥፊያውን ቀጭ አደረገችና «እሺ አባዬ» ብላ፣ ነጭ ሄልሜቷን አጥልቃ ሄደች።

እሱም ሄዶ ሱቁን ከፈተ። ሁለተኛውን ቁልፍ ሳይጨርስ ዳቦ አመላላሹ ሳጥኑን ሞተሩ ላይ ጭኖ፣ መብራቱን አብርቶ መጣ። ከፈት ከደን። ሰውየው ሳቅ ብሎ አጠፋና፣ እጁን አንስቶ አመስግኖ ወደ ድልድዩ ታጠፈ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ማበጠሪያውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ሰማህ? ድልድዩ ጋ ሞተር ተገጨ። የጭነት መኪና ነው አሉ። ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ሾፌሩ ጭራሽ አላየም።»

«ሞተረኛው ሴት ነው ወንድ?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ መብራት አልበራም ነበር ነው የሚሉት።»

ቁልፍ ቀራጩ ክው አለ። ልጁ በድልድዩ ነው የምትሄደው። ደወለላት፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ሦስተኛው ጥሪ በስህተት ለሌላ ሰው ሄደ። ሱቁን እንደተከፈተ ጥሎ ሮጠ።

መሮጥ ከተወ ሃያ ዓመቱ ነው። እየሮጠም ይደውላል። በዕድሜው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ ጆሮው ጭው ይልበታል፣ በጭውታው መሃል ደግሞ ያ የማጥፊያው ቀጭ የሚል ድምፅ አልወጣ አለው። ለአንዲት ባትሪ ብሎ! እምቢ ብትለው ምን ነበረበት? ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እሺ እንድትል ያሳደጋት እሱ ራሱ ነው። ከማን ጋር እንደሆነ ሳያውቅ መደራደር ጀመረ። እሷ አትሁን እንጂ ማንም ይሁን። ማንም ይሁን፣ ማንም።

ድልድዩ ጋ ሰው ከቦ ቆሟል። በሰዎቹ እግር መሃል አስፋልቱ ላይ የወደቀ ነጭ ሄልሜት ታየው። እንደምንም በሰው ክንድ ሥር ሾልኮ ገባ።

ወንድ ነው።

«ተመስገን!» አለ፣ ጮክ ብሎ።

የቆሙት ሁሉ ዞረው አዩት። ያኔ ነው አስፋልቱ ላይ የተበተነውን ዳቦ ያየው።

የመኪናው ሾፌር መንገዱ ዳር ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ትራፊክ ፖሊሷ አጠገቡ ቆማ ትጽፋለች።

«መብራቱን አጥፍቶ ነው ሲነዳ የነበረው፤ አጥፊው ሞተረኛው ነው» አለችው።

«አጥፊው እኔ ነኝ» አለ ቁልፍ ቀራጩ።

ቀና ብላ አየችው። «መኪናው የእርስዎ ነው?»

«አይደለም።»

«ሞተሩስ?»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ያጠፉት?»

«መብራቱን።»

«ሞተሩ ላይ ነበሩ እንዴ?»

«የለም፣ ሱቄ ሆኜ ነው። በእጄ።» እጁን አውጥቶ ከፈት ከደን አድርጎ አሳያት።

እጁንም ፊቱንም አየች። «አባት፣ ሕጉ የሚያውቀው መሪውን የያዘውን ሰው ነው። ማብሪያውም ኃላፊነቱም የእሱ ነበር። እርስዎ ደንግጠዋል፣ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ።» ስለ እሱ አንዲት መስመር አልጻፈችም።

ዳቦ አመላላሹን በቃሬዛ አነሱት። ይተነፍሳል አሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የሚነግረው አላገኘም። ማንም ይሁን ብሎ ነበር፣ ይኸው ማንም የተባለው ሰው። ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ሰባት ጊዜ ደወልክ እኮ! ስነዳ እንደማላነሳ ታውቅ የለ?»

«መብራትሽ» አለ።

«በርቷል። እንዳትቆጣኝ አባዬ። አንተን ላለማስቀየም በር ላይ አጠፋዋለሁ፣ የሰፈራችን ጥግ ስደርስ አበራዋለሁ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የማደርገው።»

«ነገ ጥግ እስክትደርሺ አትጠብቂ» አላት።

ስልኩን ሳይዘጋ ከድልድዩ ማዶ አንድ ሞተረኛ መብራቱን አብርቶ ሲመጣ አየ። ሞተረኛው ጠጋ ሲል ጋሽ አጥፋውን ለየው። ቁልፍ ቀራጩ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነው፤ ሞተረኛው ግን ሳይነገረው መብራቱን አጠፋ።

«አብራው!» ብሎ ጮኸ፣ መንገዱ መሃል ገብቶ። «አብራው! አብራው!»

ሞተረኛው አልሰማውም። እንደ ወትሮው እጁን አንስቶ አመሰገነውና ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ አለፈ።