ሕጉ የጠየቀው አንድ ገጽ ነው

እናቴ በነሐሴ መጨረሻ ለትምህርት ኃላፊው ይዛ የሄደችው ካርቶን አሥራ አራት ደብተር፣ የደረቁ ቅጠሎች የተለጠፉባቸው ሁለት አልበሞችና የዓመቱን የዕለት ማስታወሻ የያዘ ነበር። ሕጉ የጠየቃት አንድ ገጽ ነው፦ የልጅ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ዓይነቶች፣ ፊርማ። በወረዳችን ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ አሥራ ዘጠኝ ቤተሰቦች አሉ። ሁሉም በዓመት አንድ ጊዜ ያንን ገጽ ሞልተው ያስገባሉ፤ ጸሐፊዋ ማኅተም ትመታበታለች፤ እስከ መጪው ዓመት በዚያው ይለያያሉ።

ለምን እንዳደረገችው ስጠይቃት ሳህን ማጠቧን ሳታቋርጥ፣ የትምህርት ኃላፊው ሚስተር ቴግላንድ ጨዋ ሰው ስለሆነ ጁኒ የደረሰችበትን ቢያይ ደስ ይለዋል ብላ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ማንም ሳይጠይቅሽ?» አልኳት።

«ማንም ሳይጠይቀኝ» አለች።

ጁኒ ታናሽ እህቴ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ የከተማውን ትምህርት ቤት ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ ምንም አልሆንኩም። ጁኒ ግን ሁለተኛ ክፍል ሳለች መጽሐፍ ክፈቱ ሲባል ጠረጴዛ ሥር ትገባ ነበር። በመጨረሻ ትምህርት ቤት ውስጥ መናገርም ተወች። እናቴ አስወጥታ ቤት ማስተማር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። አሁን ጁኒ ትናገራለች፤ እንዲያውም አፏን አትዘጋም። ታነባለችም። ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ አንዳንድ ቀን እየተበሳጨች፣ ግን ታነባለች።

እናቴ ይህን ሁሉ በማስታወሻዋ ላይ እንዳለ ጽፋዋለች። «ዛሬ ግማሽ ገጽ። ለቅሶ። ነገ እንደገና።» ለራሷ የጻፈችውን ነው በገዛ እጇ ወስዳ ያስረከበችው።

መስከረም ላይ ሁለት ደብዳቤዎች መጡ። አንዱ ለአሥራ ዘጠኙም ቤተሰብ የተጻፈ ነው። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየሦስት ወሩ የልጆቹን ሥራና የዕለት ማስታወሻ እንዲያቀርብ፣ ለዚህም የሉንዴ ቤተሰብ በራሱ ፈቃድ ያሳየው ምሳሌ የሚመሰገን መሆኑን ይገልጻል። ሉንዴ እኛ ነን። ሁለተኛው ለእኛ ብቻ ነው። ከቀረበው ማስታወሻ እንደታየው ልጅቷ ከእኩዮቿ በአራት ዓመት ወደኋላ ስለቀረች እስከ ጥቅምት አጋማሽ ትምህርት ቤት እንድትመዘገብ፣ ካልሆነ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ እንደሚመራ ይላል።

ጁኒ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አገኘችው። የራሷን ስምና «ትምህርት ቤት» የሚለውን ለየች። የቀረውን አልጠየቀችም። ያን ቀን ምሳ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እናቴም ያየችው ያንን ዝምታ ነው።

በግንቦት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ የሕግ ትምህርት ቤት የመግቢያ መልስ እየጠበቅሁ ነበር። የተማርሽው ለዚህ አይደል ብለው የቤተሰቦቹን ኅብረት ጸሐፊነት ጭነውብኛል። ሥራው ስልክ ማንሳት ነው። በዚያ ሳምንት አሥራ ሰባት ጊዜ አነሳሁ፤ አብዛኞቹ የሚጀምሩት «እናትሽ ምን ነክቷት ነው?» በሚለው ነበር።

ሐሙስ በሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰበሰብን። ቨርና ዳይክስትራ በምድጃ የተጋገረ ድንችና ሥጋ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አምጥታ ነበር፤ ማንም አልነካውም። በዚያ ቤት ምግብ ሳይነካ ከቀረ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። ቨርና የኅብረቱ ሊቀ መንበር ናት። ሰባት ልጆች አሏት፣ ሁሉንም ቤት ነው ያስተማረችው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ቆማ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ገጽ ከጠየቁ አንድ ገጽ ስጡ፤ ዛሬ በፈቃድ የሰጣችሁትን ነገ በግዴታ ይጠይቁታል። እናቴ ዘንድሮም ከፊት ወንበር ተቀምጣ ራሷን እየነቀነቀች ሰምታታለች። ከዚያ ወጥታ ካርቶኑን አሰረች።

ቨርና ሚስተር ቴግላንድ ከሰዓት በፊት ደውሎላት እንደነበር ነገረችን። ሰውየው ጠብ አይፈልግም። የሉንዴ ልጅ ከተመዘገበች ለሌሎቹ አሥራ ስምንት ቤተሰቦች የተጻፈውን ደብዳቤ ሊያነሳ ፈቃደኛ ነው። ከኅብረቱ የሚፈልገው በእኛ ጉዳይ እንዳይገባ ብቻ ነው።

 ከዚያ ከርሚት ራስኪ፣ አራት ልጆች ያሉት ገበሬ፣ ወለሉን እያየ፣ እሱ ቢሆን እንደሚቀበለው ተናገረ። እናቴን ማርዲስን ይወዳታል፤ ግን ሚስቱ ከደብዳቤው ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ እነሱ ደግሞ ካርቶን የወሰዱበት ቦታ የለም። እውነቱን ነው። 

እናቴ ተነሳች። ሰኞ ጠዋት ጁኒን ራሷ ወስዳ እንደምታስመዘግባት፣ ጥፋቱ የእሷ ስለሆነ ማንም እንዳይጨነቅ ተናገረች። ድምጿ ደረቅ ነበር። ቦርሳዋን አነሳች።

«ማርዲስ፣ ተቀመጪ» አለች ቨርና።

«ቨርና፣ እኔ...»

«ተቀመጪ አልኩሽ። ለአንድ ወር ዓይንሽን ባላየው ደስ ይለኛል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ይሄ ሌላ ነገር ነው።» ወደ ከርሚት ዞረች። «የአንተ ትልቁ ልጅ ሒሳብ እንዴት ነው?»

 የከርሚት ትልቁ ልጅ በሒሳብ ምን እንደሚመስል እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ዘንድሮ ማንበብ የማትችለዋን እንስጥ» አለች ቨርና። «በሚቀጥለው ዓመት ማንን እንደሚጠይቁ እኔ አላውቅም። እነሱ ግን ያውቁታል፤ ማስታወሻችን እጃቸው ላይ ይሆናላ።»

ድምፅ ተሰጠ። ከርሚትም እጁን አወጣ፤ ዘግይቶ፣ እስከ ትከሻው ብቻ። ማንም የልጁን ሥራ ናሙና አያስገባም። አሥራ ዘጠኙም ቤተሰብ ያንኑ አንድ ገጽ እንደገና ሞልቶ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአካል ያስገባል። ከዚያም በጥቅምት መጀመሪያ በሚሰበሰበው የትምህርት ቦርድ ፊት ሁላችንም እንቀርባለን።

ኅብረታችን አባል የሆነበት የግዛቱ የቤት ትምህርት ማኅበር አንድ ጠበቃ አለው፤ ኤልስዎርዝ ግሩበር ይባላል። ለመላው ግዛት እሱ ብቻ ስለሆነ አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፣ የቀረውን በስልክ ነገረኝ። አንድ ሰው የሕጉን ጽሑፍ ያንብብ፣ ሌላው ይቁም፣ ማንም የልጁን ሥራ እንዳያመጣ። አንባቢዋ እኔ ሆንኩ።

ትዕግሥት የለኝም። ሕግ አንብቦ መቆም ደካማ ነገር መሰለኝ። ሰውየው ልጅቷ ማንበብ አትችልም ካለ ታንብብለትና አፉን ይያዝ። ክሬን ስለሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች አንድ ገጽ መርጬ ሦስት ቀን ከጁኒ ጋር አጠናነው፤ በመጨረሻ ሳትደነቃቀፍ ተወጣችው። ግማሹን በቃሏ ይዛው ነበር፤ ያ ግድ አልሰጠኝም። ለጠበቃው በኩራት ስነግረው ሕጉ ይጠይቃል ወይ አለኝ። አይጠይቅም አልኩት። ታዲያ ካንቺ እህት የባሰች አንባቢ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ስትቆም ምን ታደርጋለች ብሎ ጠየቀኝ። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁ። ገጹን ግን ማኅደሬ ውስጥ ከተትኩት።

የቦርዱ ስብሰባ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ለስኳር የሚለማው ቀይ ሥር ከማሳ የሚነሳበት ወቅት ስለሆነ ወንዶቹ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ሙቀቱ ጨመረ፤ ሞቆ የተከመረ ቀይ ሥር ስለሚበሰብስ የስኳር ፋብሪካው መቀበል አቆመ። የማሳው ሥራ ሁሉ ቆመ። ስለዚህ አሥራ ዘጠኙም ቤተሰብ ከነልጁ፣ ከነጭቃ ጫማው መጣ። ወንበሩ አልበቃም፤ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ሕፃናቱ እንኳ ድምፅ አላሰሙም። ቨርና መኪና ማቆሚያው ላይ አስፈራርታቸዋለች።

ሚስተር ቴግላንድ ቀድሞ ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ለመጻፍ ብዙም አልጓጓሁም፣ ግን እውነት ነው። ያቺ ልጅ ተረስታ እንዳትቀር ያሳስበኛል አለ፣ ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ እኔ ተነሳሁና የሕጉን አንቀጽ አነበብኩ። አንድ ደቂቃም አልፈጀም። ስቀመጥ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር የጎደለ መሰለኝ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ሚስስ ኦፍስታድ ናት፤ ልጅ ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራኛለች። መነጽሯን አውልቃ ከእናቴ አጠገብ ወደተቀመጠችው ጁኒ ጎንበስ አለች።

«ጁኒዬ፣ አንድ መስመር ብቻ ታነቢልን? የፈለግሽውን። ከዚያ ሁላችንም በሰላም ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

በፍቅር ነው ያለችው። የቦርዱ አባላት ፈገግ አሉ። ጁኒ ግን ወደ እኔ ዞረች። ገጹ ማኅደሬ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ እጄም ማኅደሩ ላይ ነበር። አንድ ደቂቃ ይበቃል። እህቴ ታነባለች፣ ሰውየው ያፍራል፣ ደብዳቤያችን ይቀደዳል። ከግድግዳው አጠገብ ከርሚት ራስኪ ትልቁን ልጁን ትከሻውን ይዞ ቆሟል። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ቀጥሎ የሚጠራው እሱ እንደሆነ ገብቶታል።

«አታነብም» አልኩ።

ሚስስ ኦፍስታድ በፈተና መልክ ሳይሆን እንዲሁ በወዳጅነት እንደጠየቀች ነገረችኝ።

«አውቃለሁ፣ ሚስስ ኦፍስታድ። እናቴም ካርቶኑን ያመጣችው እንዲሁ በወዳጅነት ነበር። የሆነውን አይተውታል። ሕጉ ልጅ እዚህ ቆሞ እንዲያነብ አይጠይቅም። እህቴ ዛሬ ካነበበች የሚመጡት ሁሉ ማንበብ አለባቸው።»

 አታነብም ማለት አትችልም ማለት እንደሚመስል አውቄያለሁ፤ ጁኒም አውቃለች። ጆሮዋ ቀላ። ግን ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ጠረጴዛ ሥር የመግባት አዝማሚያም አልነበራትም።

ከቦርዱ ጫፍ ላይ ጡረታ የወጣ የእህል ጎተራ ሠራተኛ ነበር፣ ሌስተር ብሮተን የሚባል። እስካሁን አልተናገረም ነበር። ደብዳቤውን አንስቶ የትኛውን የሕግ መስመር ይዞ እንደተጻፈ ሚስተር ቴግላንድን ጠየቀው። ሚስተር ቴግላንድ ስለ ሕጉ ዓላማ ማስረዳት ጀመረ።

«መስመሩን ነው የጠየቅሁህ» አለ ብሮተን።

ሚስተር ቴግላንድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለበጠ። መስመሩ የለም አለ። ማስታወሻውን ባያይ ኖሮ ይህን እንደማይጠይቅም ጨመረበት፤ ሐቀኛ ነው።

የቦርዱ ድምፅ አምስት ለሁለት ሆነ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ተነሱ። ሚስስ ኦፍስታድ ድምጿን ከአምስቱ ጋር ሰጠች፣ ወደ እኛ ሳታይ። መውጫው ላይ ሰዎች እጃችንን ጨበጡን። ቨርና እናቴን አልፋት ሄደች፤ ከዚያ መኪናዋ ጋ ደርሳ ተመለሰችና ሐሙስ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ወንበሮች ቀድማ መጥታ እንድትደረድር አዘዘቻት። እናቴ አመሰገነቻት። ይቅርታው ያ ነበር፤ ከቨርና ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ሰው የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጁኒ የኋላ ወንበር ላይ ተንጋላ ነገ ትምህርት እንዳለ ጠየቀች። አለ አለች እናቴ። ጁኒ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቀን ዕረፍት የሚገባት መስሏት እንደነበር ተናገረች።  ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣

«ከሰብሳቢዋ ሴትዮ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አይታችሁታል?» አለች።

አላየሁትም። ሕግ የሚያነብ ሰው ግድግዳ አያይም።

«አንብቤ ለመጨረስ ስብሰባው እስኪያልቅ ፈጅቶብኛል። በእሳት አደጋ ደንብ መሠረት በዚህ ክፍል ከስድሳ ሰው በላይ መገኘት ክልክል ነው ይላል።» ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች። «እኛ ሰባ አንድ ነበርን። ቆጥሬያለሁ።»

እናቴ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመች። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት። «ማንም አልጠየቀንም።»