ድንጋዩ ላይ ሳልቀመጥ

ሣር ማጨጃዬ በእትዬ ዘይቱና ግቢ መሐል አልነሣም ብሎኝ ገመዱን ስስብ ትከሻዬ ሊገነጠል ደርሷል። የዲላ ዝናብ ሣሩን አሳድጎታል፤ በማግሥቱ ደግሞ ኒካህ አለ። እንግዶቹ ከይርጋጨፌ ይመጣሉ፣ ድንኳን ተካዮቹ ደጅ ቆመው እኔን ይጠብቃሉ። እትዬ ዘይቱና ግቢያቸውን ለሠርግ የሚያከራዩ ሴት ናቸው። እኔም ሌሎቹን ግቢዎች ያገኘሁት የሳቸውን ሣር አጭዳለሁ እያልኩ ነው። እሳቸው በቃኝ ካሉኝ ከተማው ውስጥ በር የሚከፍትልኝ አይኖርም።

ሞተር ስድብ አይሰማም እንጂ ያን ዕለት ያልሰደብኩት ስድብ የለም።

መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠረጠርኩ። ዘንድሮ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቀው። ደፋሁትና ተሰልፌ ከማደያ ያመጣሁትን ሞላሁ። ሳብኩ፤ ወይ ፍንክች። ካንዴላውን ፈትቼ አጸዳሁና ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ ገመዱን ሳብኩት፤ እሳት ይሰጣል። የአየር ማጣሪያውን አራገፍኩ፤ እሱም ደህና ነው። በመጨረሻ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ቤንዚን ጠብ አድርጌ፣ መልሼ አስሬ ሳብኩ። ተነሣ። ደስ ሊለኝ ሲል ጠፋ። ይኼኔ ገባኝ። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ እየደረሰ አይደለም፤ የታመመው ካርቡሬተሩ ነው። ካርቡሬተሩ ደግሞ ባለፈው ወር መልከጼዴቅ ጋራዥ ታጥቦ የወጣ ነው፤ ማሽኑም እያስቸገረኝ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

መልከጼዴቅ አበልጄ ነው። ልጄን ሙሌን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው።

እኛ ከተማ ዕቃህን ጋራዥ አስገብተህ ዞር አትልም። በሩ አጠገብ ድንጋይ አለ፤ ባለቤቱ እዚያ ተቀምጦ መካኒኩ እጅ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይውላል። ካልዋለ ኦሪጅናሉ ይወጣና አሮጌ ይገባለታል። ይህ እንደ ስድብ አይቆጠርም፤ መካኒኩ ራሱ ሻይ ያዝልሃል። እኔ ግን አበልጄ ጋ ድንጋይ ላይ ልቀመጥ? አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ስንት ነው ብዬውም አላውቅ፣ ተቀብሎኝም አያውቅ።

ባለቤቴ አሰፋች ሌላ ሰው ናት። ባለፈው ወር ማሽኑን ወደ ጋራዡ ይዤ ልወጣ ስል ኩቴክሷን አምጥታ ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ቀይ ምልክት አደረገችበት። ሰው ሁሉ ያደርገዋል አለችኝ። ተቆጣሁ። ልጃችንን አቅፎ የቆመ ሰው እንዴት ይጠረጠራል ብዬ ጮኽኩባት። አይቶት እንዳይቀየመኝም መንገድ ላይ ቆሜ፣ ጨርቅ ቤንዚን አስነክቼ ፈገፈግኩት። የጎኗ ብሎን ጭረት ውስጥ የገባችው ቀይ ብቻ አልለቅ አለችኝ፤ ተውኳት።

አሁን በእትዬ ዘይቱና ግቢ ጎንበስ ብዬ ብሎኗን አየኋት። ጭረቷ ጥቁር ነው፤ ቀይ የለባትም። ያኔም አበልጄን ለመጠርጠር ልቤ እሺ አላለኝም፤ ቤንዚን አጥቦት ይሆናል አልኩ።

እትዬ ዘይቱና ሰዓታቸውን አይተው፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቁ፣ ሌላ ማሽን ያለው ሰው እንደጠሩ ነገሩኝ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና መልከጼዴቅ ማሽን እየገፋ ገባ። ማሽኑን አውቀዋለሁ። ከኔው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አልነሣም ያለ ማሽን በርካሽ ገዝቶ ጋራዡ ጥግ ያስቀመጠው ነው። ምን ያደርግልሃል ስለው፣ ላንተው መለዋወጫ ይሆናል ብሎኝ አመስግኜው ነበር። ሲያየኝ ደንገጥ አለ፤ ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር አለኝ። ከዚያ ገመዱን አንዴ ሳበ።

ተነሣ። ድምፁን ለየሁት፤ የልጄን ሳል ከጎረቤት ልጅ ሳል እንደምለየው።

የሞላውን የሣር ከረጢት ሊደፋ ሞተሩን ሲያጠፋ ሄጄ ማሽኑ ሥር ተንበረከክሁ። የብሎኗ ጭረት ውስጥ ቀይ አለ። አሰፋች ለፋሲካ የገዛችው ቀይ ነው። ሌባ ቢሰርቀኝ እጮህ ነበር፤ የገዛ አበልጄ ሲሆን ግን ተንበርክኬ እንዳለሁ ጠበቅኩት።

ከረጢቱን ይዞ ሲመለስ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብዬ፣ "አበልጅ፣ ይሄ ኩቴክስ የሚስትህ ነው?" አልኩት።

ብሎኗን አየ፤ እኔን አየኝ። አልካደም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ "ሰው ሁሉ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል" አለኝ። "አንተ ጥለኸው ሄድክ። ብትቀመጥ ኖሮ እጄ አይነካውም ነበር።"

ለእትዬ ዘይቱና ልናገር አሰብኩ። ምን ብዬ? ኑና ብሎን ጭረት ውስጥ እዩልኝ ልል ነው? ማስረጃዬን በገዛ ጨርቄ ፈግፍጌ ጨርሻታለሁ። እሳቸውም አመሰገኑትና የሚቀጥለው ሳምንትም እንዲመጣ ነገሩት። እኔ የማይነሣ ማሽኔን እየገፋሁ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለአሰፋች ሁሉን ነገርኳት። ብዬህ ነበር አላለችም። ተነሥታ ኩቴክሷን አመጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋራዡ በደንበኛ ተሞልቷል። ማሽኔን መልከጼዴቅ ፊት አቆምኩ፣ ኩቴክሱን መሣሪያዎቹ መሐል አስቀመጥኩ፣ ሄጄም ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። የኔን መልስልኝ አልኩት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ደንበኞቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። እሱ እነሱን አየ፣ ኩቴክሱን አየ፤ ከዚያ መፍቻውን አነሣና ከራሱ ማሽን ካርቡሬተሩን መፍታት ጀመረ።

ዓይኔን ከእጁ አላነሣሁም። እሱም ቀና ብሎ አላየኝም። የኔው ማሽን ላይ አስሮ ሲጨርስ ኩቴክሱን ከፍቼ እዚያው ዓይኑ ሥር ምልክቴን አደረግኩ። ገመዱን ሳብኩ፤ በአንዴ ተነሣ። ምንም ደስ አላለኝም። ሙሌ፣ የክርስትና አባቴ ለምን ቀረ ብሎ ሲጠይቀኝ ታየኝ።

ሞተሩን አጠፋሁትና፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ "ስንት ነው?" አልኩት። ሂድ ወዲያ፣ በእኔና ባንተ መሐል ገንዘብ ምን ይሠራል እንዲለኝ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ፣ ጠበቅኩ።

ዋጋውን ነገረኝ።