ባለስድስት ጫፉ ዳንቴል

ባለቤቴ ወልደአረጋይ ከኮርያ ዘመቻ በሰላም የገባው በ1945 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። እጁም እግሩም ሙሉ ነው። ጎረቤቶቼ "ተመስገን በዪ፣ ወለተሐና" ይሉኛል፤ እኔም ተመስገን እላለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ አፉን እዚያው ትቶት የመጣ ይመስል ነበር። ቀድሞ ወሬ አያልቅበትም። ከጫጫ ገበያ ሲመለስ እንኳ ያየውን የበሬ ሁሉ ጠባይ ሳይነግረኝ አያድርም። አሁን ስለ ኮርያ ስጠይቀው "ብርድ ነው" ብሎ ጋቢውን ይከናነባል። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ብርድ ነው ይለኛል! ብርድ ለኛ ወሬ ነው እንዴ?

ነገሩ የኔ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። አንኮበር ያሉት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ግን ሦስት ጊዜ ልከውበታል። ልጃቸው ኪዳነ ማርያም ከባሌ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበር፤ በጥር ወር እዚያው በረዶ ላይ ወደቀ። መርዶውን ከመንግሥት ሰው ሰምተዋል። በኛ አገር ግን መርዶ ብቻ አይበቃም። የለቅሶው ግጥም የሚወጣው ከአሟሟቱ ነው፤ ማን አጠገቡ ነበረ፣ ምን አለ፣ እንዴት ወደቀ። ይህን ያላወቀች እናት ምን ብላ ታልቅስ? "አጠገቡ የነበረው ሰው መጥቶ ይንገረኝ፤ አሟሟቱን ሳላውቅ ሙት ዓመቱን አላወጣም" ብለው ነው የላኩት። ባሌ መልእክተኛውን አብልቶ አጠጥቶ ይሸኘዋል እንጂ አይሄድም። ሙት ዓመቱ ደግሞ እየቀረበ ነው።

እሱ በዘመተ ጊዜ እኔ ከተማችን ውስጥ ከምትኖር አንዲት አርመን ልብስ ሰፊ ዘንድ እሠራ ነበር። ዳንቴል ያስተማረችኝ እሷ ናት። በኪሮሽ የሚሠራውን አይደለም፤ ጣት በምታህል ትንሽ መወርወሪያ ክሩ እየተቋጠረ፣ ቀለበት ከቀለበት የሚያያዘውን ነው። በኪሮሽ ብትሳሳቺ ይተረተራል። ይህኛው ግን ሁሉም ቋጠሮ ነው፤ ከተሳሳትሽ መቀስ እንጂ ሌላ መላ የለውም። ለኔ ዓይነት ችኩል ሰው የተፈጠረ ሥራ አልነበረም፤ ግን ወደድኩት።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ደጃፍ ተቀምጬ ስቋጥር ወልደአረጋይ አጠገቤ ቆሞ አየና፣ "የዚያ አገር በረዶ እንዲህ ነው፤ ዳንቴል ነው" አለ። ቀና ስል ሄዷል። እኔ የማውቀው በረዶ ባቄላችንን የሚያረግፈውን፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ዳንቴል የሚመስል በረዶ ምን ዓይነት ነው? ካልነገረኝ ሠርቼ አስነግረዋለሁ አልኩ።

አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለሆንኩ ያማረ ነገር ሁሉ በዓይኔ የሚመጣልኝ በመስቀል መልክ ነው። አራት ክንድ አወጣሁለት፤ በየመካከሉ አራት ጨመርኩ፤ ስምንት ሆነ። ኮርቼ ፊቱ አኖርኩለት።

"ይህ መስቀል ነው" አለ።

"በረዶ ነው።"

"በረዶ ስምንት የለውም። ስድስት ነው።"

"ማን ቆጠረው?"

ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ቢሆንም ከመጣ ጀምሮ ስለዚያ አገር የነገረኝ ረጅሙ ወሬ ይኸው ነበርና ደስታዬን አልችለው አልኩ።

ስድስቱ አሳሬን አበላኝ። የመካከሉን ቀለበት እንዳለ ትቼ ሁለት ክንድ ብቀንስ ጠርዙ ተሳበና ሥራው እንደ ጽዋ ጎደጎደ። ክንዶቹን የሚያገናኙትን ቅስቶች ከአሥር ቋጠሮ ወደ አሥራ አምስት ባሳድጋቸው ደግሞ ተንዘላዘለ። ቆረጥኩት። አሥራ አራት አልኩ፤ እሱንም ቆረጥኩት። አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ ብሎ ተኛልኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባሌ የጣልኩትን ቁራጭ ከመሬት እያነሳ ያያል። መጀመሪያ ቆሞ ነበር፤ ኋላ በርጩማ ስቦ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረ።

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ከውጭ ጠራኝ። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ የዶሮው ቤት ቆርቆሮ ነጭ ሆኗል። በጣቱ ይሥልበታል።

"ጫፉ ያንቺ ሥራ ላይ ክብ ነው" አለኝ። "የዚያ ግን ሹል ነው። ከየክንዱ ደግሞ እንደ ጥድ ትንንሽ ቅርንጫፍ ይወጣዋል። እይ፣ እንዲህ።"

ስድስቱንም ሥሎ እስኪጨርስ ጣቱ በርበሬ መሰለ። በሁለት እጄ ይዤ አሞቅኩለት፤ አልነጠቀኝም። ይኼ ሰው አሁን ገና ቤቱ መግባቱ ነው ብዬ አሰብኩ።

በየክንዱ ጫፍ ሦስት ትንንሽ ቀለበት አደረግሁ፤ የመካከለኛዋን ሾል አድርጌ ሳብኳት። ለቅርንጫፎቹ ክሩን በየመካከሉ እያላላሁ እንደ ጆሮ ያለ ትንሽ ዘለበት ተውኩለት። ሲያልቅ ቀጭን የስንዴ ሙቅ ውስጥ ነክሬ፣ በስፒል ወጥሬ አደረቅሁት። ቀጥ ብሎ ቆመ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። ወልደአረጋይ ከእርሻ ሲገባ ለጨዋታ ብዬ እጅጌው ላይ ጣል አደረግሁለት።

ክንዱን ሳያወርድ ቀጥ ብሎ ቀረ።

"የቆጠረው ኪዳኔ ነው" አለ። "ጠዋት ነበር። ሁለታችንም ዘብ ነን። አንዷ እንዲህ እጅጌው ላይ ዐረፈች። 'ና እይ ወልዴ፣ እግዜር ጥልፍ ይጠልፋል' አለኝ። ይስቃል። እንደ ሕፃን ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደኅና አድርጎ ሊያሳየኝ ከምሽጉ ቀና አለ። አምስት ሲል የመድፍ ጥይት ወደቀበት። ስድስተኛውን እኔ ነኝ ሌላ ቀን የቆጠርኩት።"

 ለጨዋታ ብዬ የጣልኩትን ዳንቴል ከእጅጌው ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁት።

"ለእናቱ ምን ልበላቸው?" አለ። "ልጅዎ ዘብነቱን ትቶ ሲጫወት ሞተ ልበላቸው? እኔስ አጠገቡ ሆኜ ዝቅ በል አላልኩትም።"

"እሳቸው ጀግና ነበር ወይ ብለው አልጠየቁህም" አልኩት። ድምፄ ተቆጥቶ ነበር፤ ሳዝን እንዲህ ነኝ። "እንዴት ሞተ ነው ያሉህ። አንተ ካልሄድክ ነገ በቅሎዋን ጭኜ እኔ እሄዳለሁ። እኔ ደግሞ አሳምሬ መንገር አልችልም፤ ታውቀኛለህ።"

ማለዳ ስነሣ በቅሎዋ ተጭና ቆማለች።

አንኮበር የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ባሌን ሲያዩ ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ዐወቁት። ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ።  እኔም ዳንቴሉን ከመሐረብ ፈትቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው።

"ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"የዚያ አገር በረዶ ነው፣ እትዬ። መልኩ እንዲህ ነው።"

አገላብጠው አዩት። "ልጄን የገደለው ይህ ነው?"

"አይደለም፣ እትዬ" አለ ወልደአረጋይ። "ሲያየው የነበረው ነው።"

ሁሉንም ነገራቸው። ዘብ መሆናቸውን አልደበቀ፤ ዝቅ በል አለማለቱንም አልደበቀ። መጨረሻ ላይ አንገቱን ደፍቶ ፍርዱን ጠበቀ። እኔም ፊታቸውን አያለሁ።

"ይስቅ ነበር?" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ። ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር።"

"አልበረደውም? አልጠራኝም?"

"ብርዱን ረስቶት ነበር። ለመጥራት ጊዜም አላገኘም።"

ዳንቴሉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። በአንዱ ጫፍ ላይ ጣታቸውን አስሄዱ። ኋላ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ፈገግታ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

"እኔ" አሉ፣ "ይህን ሁሉ ወር በብርድ ኩርምት ብሎ፣ እናቴ እናቴ እያለ ብቻውን የሞተ ልጅ ነበር የማለቅሰው። ለካስ ያ የሌላ ሰው ልጅ ኖሯል።"

የባሌን እጅ ያዙና ወደ መደቡ፣ አጠገባቸው ሳቡት።

"ተቀመጡ" አሉን። "አሁን የኔን ላልቅስ።"