በስእለት ሳህኑ ፊት

ማርቴን ደጃፉ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገር የኦርፓ ደም ፈላ። የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በመንደሩ ሞተር ያለው ጀልባ ያለውም እሱ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ሲከማች ሰውየው መናገር እንጂ መስማት አይሆንለትም።

ከመጋረጃው ጀርባ ባሏ ሎዴ ያቃስታል። ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ በባዶ እግሩ ዓሣ ሊለቅም ወጥቶ መርዘኛ እሾህ ያለው ዓሣ ረገጠ። አሁን እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል፣ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ሐኪም ያለው ከባሕሩ ማዶ አምቦን ከተማ ነው። የሌላው ሰው ታንኳ በመቅዘፊያ የሚሄድ ነው፤ በዚህ የነፋስ ወራት ደግሞ በታንኳ የሚሻገር እብድ የለም።

ማርቴን ግን "መጀመሪያ ክፉው ከቤት ይውጣ፣ ጀልባው ከዚያ በኋላ" ብሏል። ክፉው ማለቱ የኦርፓ እናት አሮጊቷ ዌልሚና ናት። ጥፋቷ ምን ሆነና? በዋዜማው ሎዴን "በባዶ እግርህ አትውጣ፣ ይሄ እግርህ አንድ ቀን ይቀጣሃል" ማለቷ ነው። የእናት ምክር በማግስቱ እርግማን ሆነ። ሌሊት ከሥጋዋ ወጥታ ሰው የምትበላ ሱዋንጊ ናት ተባለ። ከዚያ ወዲህ እሷ ያገነፋችውን ፓፔዳ የሚቀምስ ጎረቤት ጠፋ።

"ኦርፓ፣ ነገ ቅዱስ ቁርባን ነው" አለ ማርቴን። "ቤታችሁ ሳይጸዳ ለጌታ ማዕድ አትቀርቡም።"

"ቤቱን ጠዋት ጠርጌዋለሁ ጋሼ።"

"አታሹፊ! እናትሽ ጫካው ውስጥ ካለው ጎጆ ይግቡ። እኔ ክፉ አስቤ አይደለም፤ የወንድሜ ነፍስ ነው።"

"የወንድምህ ነፍስ ከሆነ ጀልባህን አስነሳ!"

"ሱዋንጊዋ ሳትለቀው? ባሕር መሀል ብታሰጥመንስ?"

ኦርፓ ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ ነበር። "በየእሁዱ መድረክ ላይ ቆመህ 'ጌታ ሰይጣንን ከእግራችን በታች ቀጥቅጦታል' የምትለን አንተ አይደለህም እንዴ? ታዲያ ጥርስ የሌላት አሮጊት እንዲህ የምታንቀጠቅጥህ ምን ሆነህ ነው? እንዲህ ከሆነማ ያንተ ጌታ የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም!"

"አፍሽን ያዢ! በጌታ ላይ ነው የምትናገሪው?"

"በጌታማ አልናገርም። በአንተ ነው!"

ዌልሚና ከጓዳ ወጣች። ማንንም ሳታይ በመሀላቸው አልፋ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች፤ ሁለቱም ተከተሏት። እዚያ በትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ የስእለት ሳህኑ ተቀምጧል። ቤተሰቡ ሲጣላ የሚታረቀው፣ መንገድ ሲወጣ የሚጸልየው እሱ ፊት ተንበርክኮ ነው። እሱ ፊት የዋሸን እግዚአብሔር ዝም አይለውም፤ ሌባው እንኳ እዚያ ሲደርስ እውነቱን ያወጣል። አሮጊቷ ጉልበቷን በግድ አጥፋ ተንበረከከች፣ ጨርቁን ገለጠች፣ እጇን ሳህኑ ላይ አኖረች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ሎዴን የበላሁት እኔ ነኝ። ቤቱን እለቃለሁ። ልጁን ሐኪም ጋ ውሰደው።"

ኦርፓ "ውሸት!" ልትል አፏን ከፈተች። እናቷ በዚያ ሳህን ፊት ስትዋሽ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ግን ያ ቃል ከአፏ ከወጣ ጀልባው አይነሳም፤ የሎዴም እግር ቀጠሮ አይሰጥም። ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። በዚያች ቅጽበት ራሷን ከማርቴን አብልጣ ጠላች።

ማርቴን የልብ ልብ ተሰማው። "እግዚአብሔር ይመስገን! ጨለማው ተገለጠ!" እያለ ወደ ባሕሩ ሮጠ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሎዴን በምንጣፍ ተሸክሞ ጀልባው ውስጥ አስተኛው፤ ማርቴንም እጁን ዘርግቶ ለመንገዱ ጸለየ። ኦርፓ ግን አልገባችም። ወደ ቤት ተመልሳ፣ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ጫካው ልታመራ የነበረችውን እናቷን ክንዷን ይዛ እየጎተተች መጣች።

"እሷ አትገባም!" ጮኸ ማርቴን።

"ትገባለች! ይኸው መንደሩ ሁሉ ይስማ። አሁን የጸለይከው ጸሎት ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ጌታ ከሱዋንጊ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም? ካልበለጠ ነገ ቁርባኑን በየትኛው እጅህ ልታድል ነው?"

ሰው ሁሉ ማርቴንን አየው። ማርቴን ወደ ሞተሩ ዞረ። ኦርፓ እናቷን አቅፋ አስገባቻት።

አሮጊቷ ግን የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ልትወርድ ተነሳች። "ልጄ፣ አውርጂኝ። ሳህኑ ፊት ዋሽቻለሁ። በእኔ ኃጢአት ሎዴም እንዳይሰጥም" ብላ አለቀሰች።

"ለምን እንደዋሸሽ እግዚአብሔር ያውቃል። እሱ እንደ ማርቴን አይደለም!" አለቻት ኦርፓ፤ እናቷንም ጭምር እየተቆጣች።

ሞተሩን ሊያስነሳ ገመዱን የጨበጠው የማርቴን እጅ ቀጥ አለ። ዞሮ አሮጊቷን አያት። ከዚያ ወሬ ወዲህ ዓይኗን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

"ዋሹ እንዴ... እማማ? በሳህኑ ፊት?"

ዌልሚና እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች።

"በሌላ በምን ላስነሳህ ነበር፣ ልጄ?"